የወደቀችው ጉርሻ

ሐሙስ፣ ኅዳር 11፣ ዳንግላ

በጎ ፈቃደኛ ነርስ ሆኜ በጦርነቱ መሀል ወደዚህ ሆስፒታል ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረም። አውንጊ የሚናገሩ ቁስለኞች ሲመጡ የምትተረጉምልኝ ነርስ ዝናሽ ናት፤ ጓደኛዬም እሷ ብቻ ናት።

ዛሬ ምሳ ላይ ከቆሰበር የመጣችውን አዲሷን ነርስ መሀላችን አስቀመጠቻት። እነሱ በአውንጊ እያወሩ ሲሳሳቁ እኔ ሽሮው ላይ አፈጥጣለሁ። እሷን ሁለቴ አጎረሰቻት፣ እኔን አንዴ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለች ሁልጊዜ የምትደግምልኝ ራሷ ዝናሽ ናት።

ሌላ ጉርሻ ጠቅልላ እጇን ስታነሳ ተኩስ ተከፈተ። ጉርሻዋ ወደቀች፤ ቁስለኞቹን ከመስኮቱ ልናርቅ ሮጥን።

አሁን ተኩሱ በርዷል። ማንም አልተጎዳም፣ ተመስገን። እኔ ግን የማስበው ያቺን ጉርሻ ነው። ለማን እንደጠቀለለቻት ልጠይቃት አፈርኩ።