ጠባቧ መስመር

እማዬ ሆዴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ? መነጽርሽን ግንባርሽ ላይ ሰክተሽ፣ ፍለጋ ብለሽ ቤቱን ስታተራምሺ እንደማትውይ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ... እንጃ፣ ግራ ገብቶኛል፤ እስቲ ላጫውትሽ።

ይህን ሳምንት ሥራ አልገባሁም። ካንሰርን በጨረር የምናክም ሐኪሞች ሦስት ቀን ሥልጠና ላይ ነን። በዚህ ዕድሜያችን ደብተር ይዘን ተደርድረናል፤ ፀጉራቸው የነጣው አሠልጣኛችን ያረፈደውን በር ላይ ያስቆማሉ። ዋናው አዲስ ነገር፣ ለአንዳንድ የጡት ታካሚዎች በሃያ አምስት ቀን የምንሰጠውን ጨረር በአምስት ቀን መጨረስ ይቻላል የሚል ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደል? እኔ ግን ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁ። በመጨረሻም፣ እህትዎ ብትሆን የትኛውን ይመርጡላት ነበር አልኳቸው። ታካሚዎቼ ይህን ሲጠይቁኝ እንዴት እንደምበሳጭ ታውቂያለሽ። እሳቸውም ሳቁና ከሐኪም አፍ ሲሰሙት የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ።

ትናንት ደግሞ እያንዳንዳችን ስሙ የጠፋ፣ ቁጥር ብቻ ያለው የታካሚ ምስል ይዘን መጣን። ሥራችን ያንቺው ዓይነት ነው፤ አንቺ ጨርቁ ላይ በጠመኔ አስምረሽ ለስፌት ሁለት ጣት እንደምትለቂ፣ እኛም በቀዶ ሕክምና የወጣው በሽታ በነበረበት ዙሪያ እናሰምርና ትንሽ እናሰፋለን። እኔ ያመጣሁት ሰባት ቁጥርን ነበር። አሥራ አንዳችንም እሱኑ ምስል አሰመርን። አሥሩ መስመር ተቀራራቢ ሆነ፤ አንዱ ብቻ ጥብቅ ያለ፣ ምንም ያልተለቀቀለት። አሠልጣኙ፣ ይህን ያሰመረው ሰው የቀረውን በሽታ እዚያው ትቶት ሊሄድ ነው፣ ጀማሪ ነው ወይስ ፈሪ ብለው ጠየቁ። ክፍሉ ሳቀ። የእኔ ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ፣ አብዝታ ታሰፋለች እየተባልኩ የምታማው የእኔ!

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ትይ የለ? እንዴት እንዳነሰብኝ እስካሁን አልገባኝም።

በእረፍት ሰዓት፣ አብሮኝ የተማረው ያ ዝምተኛው፣ ኮቱን አንቺ ዘንድ ያስጠበበው፣ ሻይ ይዞልኝ መጣ። ሰባት ቁጥር ማን እንደሆነች ጠየቀኝ። የማውቃት ግትር ሴት ናት አልኩት። ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ሰኞ ጠዋት እሱ ጋ እንድትመጣ፣ መስመሩን እሱ እንደሚያሰምር፣ እኔ እጄን እንዳላስገባ አስጠነቀቀኝ። አምስት ቀን ይበቃታል ወይስ ሃያ አምስት ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን ለእኔ ተይው አለኝ። ተናደድኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስወጣ ደግሞ ቀለል አለኝ። የቱን ልመን?

ትሂድ አትሂድ ስል ነው የዋልኩት። አሁን ስጽፍልሽ ግን ትሄዳለች ብያለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለዚያች ሴት ከፊት የሚከፈት ለስላሳ የጥጥ ሸሚዝ ስፊልኝ። ጨረሩ ቆዳ ያስቆጣል፣ ጥብቅ ልብስ አትችልም። ለወንድሜ ለጊዜው ምንም አትንገሪው፤ እሱ ከሰማ አገር ሰማ ማለት ነው። ሸሚዙንም በሰው እንዳትልኪው። አንቺው ይዘሽልኝ ነይ።

ዓይንሽን ለመርፌው፣ እጅሽን ለጠመኔው፣ አንቺን ለእኔ ያቆይልኝ።

ልጅሽ

ልኳን ሳልነግርሽ፦ በእኔ ልክ ቁረጪው። ብቻ ሰፋ አድርጊው።