የአባትሽ ልብ ታየ

ለምወድሽ ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይይሽ። እኛ ደህና ነን። የደረጃው አምፖል በስንት ልመና ተቀየረ፤ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም አዲስ ጥርስ አስተክላ ያለ ምክንያት ትስቃለች።

ወደ አባትሽ ልምጣ። ዶክተሯ «አንደበቱን የያዘውን ስትሮክ ያመጣው የረጋ ደም ከልብ ተነስቶ ይሆናል፤ ምንጩን ካላወቅን ሊደገም ይችላል» ብላ በጉሮሮ በሚወርድ ቀጭን ቱቦ ልቡን ልታይ ቀጠረችን። ባዶ ሆዱን ይምጣ ተብለን ነበር። አክስትሽ ግን «ወንድሜማ ተርቦ አይሄድም!» ብላ ሳላያት ሾርባ አጠጣችው። ምርመራው ሳይደረግለት እንዲሁ ተመለስን! እስከ ሌላው ቀጠሮ እንዴት እንደተብሰለሰልኩ አትጠይቂኝ።

በሁለተኛው አክስትሽን ቤት አስቀምጬ ሄድን። ማደንዘዣ ሰጥተውት እንደተኛ ምርመራው አለቀ። የረጋው ደም ልቡ ውስጥ ተገኘ! ዶክተሯ «እንኳን አየነው፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት አለው፤ ብቻ ሳያቋርጥ ይውሰድ» አለችኝ። ነቃ ሲል ልቡን በስክሪኑ አሳየችው። ሰዓት ጠጋኙ አባትሽ ዐይኑን አጥብቦ አየና በዚያ በተያዘ አንደበቱ «ይዘገያል... እንጂ... አልቆመም» አላት። ነርሶቹ ሳቁ፤ እኔ አለቀስኩ።

አንቺም ምሳ አትዝለዪ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ስትደውዪ አባትሽ ቃል ቢጠፋው ቸኩለሽ አትጨርሺለት። ትናንት ስምሽን ሊጠራ ሲታገል ዝም ብዬ ጠበቅኩት። ጠራሽ፣ ልጄ።

የላብሽን ፍሬ ያብላሽ።

እናትሽ