በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ የቀረው የሐኪም ወረቀት

ጥር 27 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለክቡር የአውራጃው ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሹም
ፍኖተ ሰላም

አመልካች፦ አቻምየለሽ ገብረ ሕይወት፣ ዕድሜ 15፣ አድራሻ ቡሬ ወረዳ፣ ዝግባ ማርያም አጥቢያ

ጉዳዩ፦ ከአንገቴ የተወሰደው የሐኪም ወረቀት ተፈልጎ እንዲነበብልኝ፣ ጥርሴም ያለ ፔኒሲሊን እንዲነቀልልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካችዋ ከቡሬ ከተማ በእግር ሦስት ሰዓት በሚያስኬድ አገር የምኖር የመሪጌታ ገብረ ሕይወት ልጅ ነኝ። የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ለመሥሪያ ቤት ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ በአጻጻፌ ጉድለት ቢገኝ እንዲታለፍልኝ እየለመንሁ፣ የደረሰብኝን እንደሚከተለው አመለክታለሁ።

1ኛ. በ1957 ዓ.ም. ኅዳር ወር አጨዳ ላይ ማጭድ እግሬን ቆርጦኝ፣ ቁስሉ ስላመረቀዘ አባቴ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። እዚያም ፔኒሲሊን የሚባለውን መርፌ አዘዙልኝ። በሦስተኛው መርፌ ገላዬ ሳማ እንደ ለበለበው ሆኖ ተንደበደበ፤ ከንፈሬና ዐይኔ አበጠ፤ ጉሮሮዬም ተዘግቶ ትንፋሽ አጣሁ። ያዳኑኝ ሐኪም የውጭ አገር ሰው ነበሩ። በአስተርጓሚ ለአባቴ «ይህን መርፌ ዳግመኛ ከተወጋች ልጅዎን አያገኟትም። ሐኪም ዘንድ በሄደች ቁጥር ከሁሉ በፊት ይህን ወረቀት ታሳይ» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው፣ ፈርመው ሰጧቸው። ቁስሌ የታሸገበት ፕላስተርም ቆዳዬን ልጦት ስለ ነበር እሱንም በወረቀቱ ላይ ጨመሩት።

2ኛ. ወረቀቱ በዝናብና በላብ እንዳይበላሽ አባቴ አጥፈው በቀይ ቆዳ ሰፉትና ከማተቤ ጋር አሰሩልኝ። በእኛ አገር ከሰው የማይለይ ወረቀት የሚያዘው እንዲህ ነው፤ ሌላ አያያዝ አናውቅም።

እዚህ ላይ ሳልጽፈው ልለፍ ያልሁት ነገር ነበር። ነገር ግን ኋላ ሲገኝ ሐሰተኛ እንዳልባል እናገራለሁ። አባቴ ለሰው ክታብ ይጽፋሉ። የሐኪሙን ወረቀት ከመስፋታቸው በፊትም ባዶ በነበረው ጀርባው ላይ በቀይና በጥቁር ቀለም ጸሎት ጽፈው የክርስትና ስሜን ወለተ ሥላሴን አስገቡበት። ሲታጠፍም ጸሎቱ በውጭ፣ የሐኪሙ ጽሑፍ በውስጥ ሆነ። አባቴ የፈረንጅ ፊደል አያነቡም። ልጃቸውን ለማያነቡት ነገር ብቻ አደራ መስጠት የከበዳቸው ይመስለኛል።

3ኛ. ባለፈው ጥቅምት 14 ቀን የታችኛው መንጋጋ ጥርሴን አሞኝ ከእናቴ ከወይዘሮ ካሰች ጋር ወደ ዝግባ ማርያም ክሊኒክ ሄድሁ። ወለሉ የሚታጠብበት መድኃኒት ሽታው ደረቴን ስለሚይዘኝ ተራዬ እስኪደርስ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነበር። በክሊኒኩ ቁስል የሚያሽጉትና መርፌ የሚወጉት ድሬሰሩ አቶ ክንዱ ደግ ሰው ናቸው፤ ታናሽ ወንድሜ በወባ ሊሞትብን ሲል ያተረፉት እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰው በክታብ ተማምኖ በሽታው ከጠና በኋላ ስለሚመጣባቸው፣ ክታብ ያሰረ ሲገባ እየፈቱ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል።

የእኔንም እንዳዩ «ይህን በር ላይ ማውረድ ነበረብሽ» አሉኝ። እናቴ «ጌታዬ፣ ይህስ የሐኪም ነው» አለች። አቶ ክንዱ ስፌቱን በምላጭ ተርትረው ቀዩን ቀለም ሲያዩ «የሐኪሙ ስም ማነው፣ ሩፋኤል ነው?» አሉ። ተራ ይጠብቅ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ወደኔ ዞራ «አንቺ ተናገሪ እንጂ፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ» አለችኝ። እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ዝም አልሁ። «ይገልብጡት» ማለት አንድ ቃል ነበር። ወረቀቱ ሳይገለበጥ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ፤ እኔም ፔኒሲሊን ተወጋሁ።

4ኛ. ክሊኒኩ ውስጥ ራሴን አዞረኝና ተቀመጥሁ። አቶ ክንዱ ፍርሃት ነው ብለው ውሃ አጠጥተው ሰደዱኝ። ወደ ቤት ስንመለስ በመንገዳችን ያለውን ወንዝ ሳንሻገር መዳፌን ያሳክከኝ ጀመር፤ ከዚያ ከንፈሬ አበጠ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ቤት አድርሰውኛል። እናቴ እንደምትለው ደረቴ ሲሰማ እንደ ወናፍ ነበር። የረጨችኝና ያጠጣችኝ ጠበል ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ዐይኔ ተገለጠ።

እናቴ ይህን ልትናገር ብትሄድ አቶ ክንዱ «ቅጠል አጠጥታችኋት ነው እንጂ የኔ መርፌ ሰው አያሳብጥም። ስንቱን ወግቻለሁ» ብለው መለሷት። በታኅሣሥ ወር ራሴ ስሄድ ካርዴን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። «መርፌ ፈርታ ራሷን ሳተች፤ ቤተሰቧ በክታብ የሚያምን ነው» ይላል። ስለ ማበጤ የተጻፈ ነገር የለም።

5ኛ. አሁን ጥርሱ መግል ቋጥሯል። ከጥምቀት ወዲህ እብጠቱ ከመንጋጋዬ በታች ስለ ወረደ አፌ ከሁለት ጣት በላይ አይከፈትም፤ የምኖረው በአጥሚት ነው። በአገራችን ጥርስ በጉጠት የሚነቅሉት ብረት ሠሪው አቶ አድማሴ ናቸው። እናቴ ወስዳኝ ነበር። ፊቴን ወደ ብርሃን አዙረው አዩና «እኔ ያለኝ ጉጠት ነው፤ ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የለኝም። አንድ ነገር ብትሆኚብኝ መሪጌታን በየት በኩል አያቸዋለሁ» ብለው መለሱን።

የጥርስ ሐኪም ለአንድ ቀን፣ በየካቲት 18 ቀን፣ ወደ ክሊኒካችን እንደሚመጣ ተነግሮናል። ነገር ግን መግል የቋጠረ ሰው አስቀድሞ ሦስት ቀን ፔኒሲሊን ካልተወጋ ስሙ አይመዘገብም ተብሏል። አቶ ክንዱን ብለምናቸው «ደንብ ነው የኔ ልጅ፤ ለአንቺ ብዬ ደንብ አላወጣም» አሉኝ። ብወጋ ሐኪሙ ለአባቴ የነገሩት ይደርስብኛል። ባልወጋ ጥርሱ አይነቀልልኝም፤ እብጠቱም ወደ ጉሮሮዬ እየሄደ ነው።

6ኛ. ይህን የምጽፈው አባቴ ሳያውቁ ነው። እሳቸው «ጥፋቱ የኔ ነው፤ በላዩ ባልጽፍበት ኖሮ ያነቡት ነበር። አሁን የኔን ቃል ማን ያምናል» እያሉ ወደ ክሊኒኩ መሄድ ትተዋል። ከጥቅምት ወዲህ ለማንም ክታብ አልጻፉም። ሰው ሲመጣ ቀለም አልቆብኛል ይላሉ። ቀለሙ አላለቀም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ/ ቆርቆሮው ተከፍቶ፣ ስፌቱ የተተረተረው ቀይ ቆዳ ተፈልጎ፣ በውስጡ ያለው ወረቀት በሐኪሙ ጽሑፍ በኩል እንዲነበብ ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ፤ ጠፍቶ እንደ ሆነም የ1957 ዓ.ም. የኅዳር ወር መዝገብ ከደብረ ማርቆስ እንዲጠየቅልኝ፤

ለ/ በካርዴ ላይ ፔኒሲሊን እንዳልወጋ፣ ፕላስተርም እንዳይለጠፍብኝ እንዲጻፍልኝ። በፕላስተር ፋንታ የሚሆን ጨርቅ ቀቅዬና በፀሐይ አድርቄ ራሴ አመጣለሁ። ስሜ እስኪጠራም በረንዳ ላይ እንድቆይ ቢፈቀድልኝ፤

ሐ/ ስሜ ለየካቲት 18 እንዲመዘገብና የጥርስ ሐኪሙ ለእኔ የሚሆን ሌላ መድኃኒት እንዳለ እንዲጠየቁልኝ። ከሌለም ያለ ማደንዘዣም ቢሆን ቢነቅሉልኝ እችለዋለሁ።

አቶ ክንዱ እንዲቀጡ ወይም ከአገራችን እንዲነሡ አልጠየቅሁም። እሳቸው ከተነሡ ሌላ የለንም። አባቴም ስለ ጻፉት ጸሎት እንዳይከሰሱብኝ እለምናለሁ።

መልስ ቢዘገይም በተባለው ቀን እዚያ እገኛለሁ። መርፌው ሲቀርብልኝ አልወጋም እላለሁ። ብዙ ሰው ስለሚኖር፣ አፌም ስለማይከፈት፣ ድምፄ ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ አስቀድሜ እዚህ ላይ ጽፌዋለሁ፤ አልወጋም። ይህን ያልሁት ከድፍረት ወይም ሕክምናን ከመናቅ ሳይሆን መዳን ስለምፈልግ መሆኑን ተረድተው፣ እምቢተኛ ተብዬ ጥርሴን ይዤ እንዳልመለስ ክብርዎን እማጠናለሁ።

ከአክብሮትና ከትሑት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አቻምየለሽ ገብረ ሕይወት