የሞጣ ባንድ ከገባ አልቀመጥም

ማክሰኞ፣ ጥር 12

አልቀመጥም አልኩ፤ አልቀመጥም። ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ጠዋት ፈንታሁን ከሞጣ መጣ። የሙሽራው አባት ነው። የእሑዱን ሠርግ እንጨርስ ብሎ ነው የመጣው። ትርንጎን፣ የልጄን ልጅ፣ እናቷ ካለፈች ጀምሮ እኔና ሚስቴ የሺ ነፍሷን ይማርና ያሳደግናትን፣ የሚወስድብኝ የእሱ ልጅ ነው። ስለ ዳሱ ተስማማን። ስለ በሬው ተስማማን። ስለ ጠላው እንኳ ተስማማን። ሊነሳ ሲል "ጨዋታውን ለእኛ ይተዉት፤ ባንድ ከሞጣ አዝዘናል፤ ቢቸና እኮ ደህና ባንድ የለም" አለ።

የለም! እኔ በቁሜ እያለሁ! "የሞጣ መሰንቆ እንጨት ሲገዘገዝ ነው የሚመስለው፤ እርስዎ ሌላ ሰምተው ስለማያውቁ አልፈርድብዎትም" አልኩት። "መቼ መጥተው ሰሙ?" አለኝ። "ባልሰማስ አላውቅም ወይ?" "ሳትሰማ እንዴት ታውቃለህ?" በእርስዎ ጀምረን በአንተ ጨረስን። ያን ጊዜ ነው ተነስቼ በከዘራዬ መሬቱን መትቼ "የሞጣ ባንድ ይኸን ደጅ ከረገጠ ከዳሱ ሥር አልቀመጥም፣ የየሺ አጥንት ይፋረደኝ!" ያልኩት።

በየሺ መማሌ አሁን ይከነክነኛል። የሺ ራሷ የሞጣ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ሞጣ ወስደህ ጨዋታ አሰማኝ ስትለኝ፣ ቢቸና ምን ጎደለሽ እያልኩ ነው የኖርኩት።

ሙሽራ ከቤት ስትወጣ የአሳዳጊዋን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ነው የምትወጣው። እኔ ካልተቀመጥኩ የማንን ጉልበት ልትስም ነው? ትርንጎ ከጓዳ ወጥታ "አባባ፣ እርስዎ ካልመረቁኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም" አለች። እንባዋ ወረደ። ፈንታ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

እግሬን ያመኛል። በቃ ለዛሬ።

ረቡዕ፣ ጥር 13

መላ አገኘሁ። የቢቸናን ባንድ እኔ አቆማለሁ። ምርጡን። ያን የሰማ ሰው የሞጣውን ከነመኪናው ይመልሰዋል። ፈንታም አፉን ይይዛል።

የማውቃቸውን አሰብኩ።

ረጅሙ መሰንቆ መቺ። ሞቷል።

ዋሽንት ነፊው። ባሕር ዳር ልጁ ዘንድ ነው፤ ጥርሱ አልቋል አሉ።

ክራር ይመታ የነበረው። መንኩሶ እቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተቀምጧል። ሂጄ ጠየቅሁት። "ደምሴ፣ በዚህ ዕድሜህ ሥራ ፈታህ?" አለኝ። አባ ይፍቱኝ ብዬ ወጣሁ።

ከመናኸሪያው ጎን ያለው ሆቴል የሚጫወቱ ልጆች አሉ ሲሉኝ ወደዚያ ሄድኩ። ኪቦርድና ከበሮ ነው ያላቸው። ትሁቶች ናቸው፤ ወንበር ሰጡኝ። "ምን እንጫወትልዎት አባባ?" "የቢቸናን!" "የቱን የቢቸና?" በአፌ አንጎራጎርኩላቸው። ቃል የለውም። ወርዶ ወርዶ፣ አለቀ ስትል መልሶ የሚነሳውን። አርባ ዓመት በቤቴ የሰማሁት ነው፤ ቢቸና ከዚህ የሚበልጥ ዜማ የላትም። ልጆቹ ተያዩ። ሰምተውት አያውቁም!

"የቢቸና ልጆች አይደላችሁም እንዴ?" ብዬ ጮህኩ። ኪቦርዱ "እኔ የሉማሜ ነኝ" አለ። ከበሮው "እኔ የአምበር" አለ። "የቢቸናው ልጅ የታለ ታዲያ?" "እሱማ ሞጣ ነው የሚጫወተው፤ ሂዷል።" ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም።

ሐሙስ፣ ጥር 14

ሞጣ ሆኜ ነው የምጽፈው። እኔም አላመንኩት።

መንገዱ ክፍት ነው ሲሉ ሰማሁና በጠዋት ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ለትርንጎ ደብረ ወርቅ ማርያምን ልሳለም ነው አልኳት። ደብረ ወርቅን አለፍኩ፤ ግንደወይንን አለፍኩ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፤ በመስኮቱ ተሳልሜያለሁ።

ሐሳቤ ሰምቼ፣ ንቄ፣ ተመልሼ ለፈንታ "ሂጄ ሰማሁት፣ እንጨት ነው" ልለው ነበር። ከዚያ በኋላ ማን ምን ይለኛል?

ባንዱ ከሰዓት ጀምሮ የሚጫወትበት ጠጅ ቤት ጠያይቄ ደረስኩ። ጥግ ይዤ ብርሌ አስቀዳሁ። ሦስት ናቸው። መሰንቆው አንድ ነገር ይጀምራል፤ ኪቦርዱ ይከተለዋል፤ መሰንቆው ጥሎት ይሄዳል፤ ከበሮው ብቻውን ይቀራል፤ ደግሞ ሁሉም ካሉበት ይመለሳሉ። ዘፋኝ የለ። ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ኋላ ቀጂዋን ሴትየ "መቼ ነው የሚጀምሩት?" አልኳት።

"ጀምረዋል እኮ አባባ!"

"እየቃኙ መስሎኝ።"

"አይ፣ ይኸ ነው ጨዋታው። ጃም ይሉታል። መጨረሻውን እነሱም አያውቁት።"

መጨረሻውን የማያውቁትን ነገር ሰው ፊት ያቀርባሉ እንዴ? አናደደኝ። ግን እግሬ፣ ያ የሚያመኝ እግሬ፣ መሬቱን ይመታል። በእጄ ያዝኩት። እምቢ አለኝ።

ከዚያ ሁሉም ዝም አሉና መሰንቆው ብቻውን ቀረ። ወርዶ ወርዶ፣ አለቀ ስል መልሶ ተነሳ።

የእኔ ዜማ። የሺ ጥጥ ስትፈትል፣ እንዝርቷን እያሾረች የምታንጎራጉረው። ብርሌውን ማስቀመጫ አጣሁ። ሳልጨርስ፣ የመሰንቆ መቺውንም ፊት በደንብ ሳላይ፣ ወጣሁ።

የሞጣ ነው ማለት ነው! የሞጣ ልጅ ከአገሯ ይዛው የመጣችውን አርባ ዓመት የቢቸና ስል ኖርኩ። ትናንት በእነዚያ ልጆች ላይ የጮህኩት በሞጣ ዜማ ነው።

የየሺ ታናሽ እህት አስካለ ቤት ነው የማድረው። ምን እግር ጣለህ ትለኛለች። ወጌሻ ፈልጌ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ጥር 15

ጭራሽ ተደበላለቀብኝ። ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ጠዋት አስካለን "ይኸ ዜማ የአገራችሁ ነው አይደል?" ብዬ አንጎራጎርኩላት። አላውቀውም አለች። "የሺ ስትፈትል የምትለው ነው እኮ!" "የሺ? እኛ ቤት እያለች አንድ ቀን ስታንጎራጉር ሰምቻት አላውቅም። ዝምተኛ ነበረች። እናንተ አገር ሂዳ የለመደችው ይሆናላ።"

እንግዲያው የቢቸና ነው! ከዘራዬን አንስቼ እየፎከርኩ ነው ወደ መናኸሪያ የወረድኩት።

መናኸሪያው ላይ አንድ ጎልማሳ "አያ ደምሴ!" ብሎ ጉልበቴ ላይ ወደቀ። መሰንቆ መቺው ነው። "ትናንት አየሁዎት፤ ጨርሼ ልስምዎት ስል የሉም" አለ። ማን ነህ አልኩት። "ሙሉ ነኝ፤ የጎረቤትዎ የሸማኔው ልጅ!" አየሁት። ጆሮው ቁርጥ አባቱን። የቢቸናው ልጅ ሞጣ ነው ያሉኝ እሱን ነው ለካ!

"ያን ዜማ ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከእርስዎ ግቢ ነዋ! አባቴ ፈትል አምጣ ብሎ ሲልከኝ እትየ የሺ ስታንጎራጉር ቁሜ እሰማ ነበር። ፈትሉን ረስቼ እመለስና እገረፋለሁ። እዚህ ስናረዝመው፣ ስናሳጥረው፣ ይኸው የባንዱ ሆነ።"

"ታዲያ ቢቸና ምን አደረገችህና እዚህ ትጫወታለህ?"

"ቢቸና የሸማኔው ልጅ ነኝ፤ ና እስኪ አጫውተን ነው የሚሉኝ። እዚህ ባንድ ነኝ" ብሎ ሳቀ። ከዚያ ዝቅ ብሎ "እሑድ እርስዎ ቤት ነን፤ አያ ፈንታ አዞናል። እርስዎ ደጅ ላይ መጫወት ስመኘው የኖርኩት ነው" አለኝ። መሐላዬን አልሰማም። እኔም አልነገርኩት። ምን ብዬ?

ሚኒባሱ ውስጥ ልለየው ሞከርኩ። የሞጣ ባንድ፣ መሰንቆው የቢቸና ልጅ። ዜማው ከቢቸና ግቢ፣ ያንጎራጎረችው የሞጣ ሴት፣ እህቷ አታውቀው። የቢቸና ባንድ፣ ሉማሜና አምበር። እኔ ታዲያ ደጄን እንዳይረግጥ የማልኩበት ማን ነው?

ደብረ ወርቅ ስንደርስ ወረድኩና ማርያምን በእውነት ተሳለምኩ። እሷንም ጠየቅኋት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዳሱ ተተከለ። ሴቶቹ ሽንኩርት ይልጣሉ። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ።

ትርንጎ ሹሩባ ተሠርታ፣ እጇን እንሶስላ ታስራ ተቀምጣለች። "አባባ፣ ምን ቆረጡ?" ነገ ይታያል አልኳት። "ነገ እኮ ነው ሠርጉ! ለጋሽ ፈንታ ልደውልና ባንዱ ይቅር ልበል?"

"እንዳትደውይ!" ብዬ ጮህኩ። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ።

"ይምጣ እንግዲያ?"

"እሱንም አላልኩም።"

"ምን ልሁን ታዲያ እኔ?" አለች። የታሰሩ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችኝ። ከዘራዬን አንስቼ ወጣሁ።

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ተቆጡኝ። "በሞተች ሴት አጥንት ማል ማን አለህ? ንስሐህን ተቀበል፤ ነገ እንደ ሰው ቁጭ በል" አሉኝ። ንስሐውን ተቀበልኩ፤ ስግደት ነው። ቁጭ ማለቱ ላይ ግን ፈንታ ዳሱ መሐል ሆኖ "ተቀመጠ አይደል?" ሲል ይታየኛል። ቢቀር ይሻላል እላለሁ፤ መሰንቆው ይመጣብኛል። ይምጣ እላለሁ፤ ፈንታ ይመጣብኛል።

የሺ ብትኖር ግትር ትለኝና ያልቅ ነበር።

እሑድ፣ ጥር 17

በአጭሩ። እግሬ አልቋል።

መጡ። ከመኪናው መጀመሪያ የወረደው ሙሉ ነው፣ መሰንቆውን ታቅፎ። ደጄ ላይ ሲደርስ አጎንብሶ መቃኑን ሳመ። ዳሱ ሥር ያለ ሰው ሁሉ እኔን ያያል። ወንበሬ መሐል ላይ ነው፤ ጋቢ ተነጥፎበታል።

ሄድኩና ከወንበሩ አጠገብ ቆምኩ።

"አያ ደምሴ፣ ይቀመጡ እንጅ" አለ ፈንታ።

"አልቀመጥም ብያለሁ፤ አልቀመጥም። ዛሬ ልጄን ቁሜ ነው የምድር።"

ሳቁ ዳሱን ሊነቅለው ደረሰ። ፈንታ አየኝና መጥቶ ከጎኔ ቆመ። "ዘመዴ ቆሞ እኔ አልቀመጥም" አለ። ይኸን አልጠበቅሁም። ትንሽ እንደቆየ በጆሮዬ "እስከ መቼ ነው የምንቆመው?" አለኝ። "ባንዱ እስኪጨርስ።" "ይኸ ባንድ እኮ አይጨርስም!" "ከሞጣ ያመጣኸው አንተ ነህ" አልኩት።

ትርንጎ ወጣች። እንደቆምኩ ተንበርክካ ጉልበቴን ያዘች። ሙሉ ያን ጊዜ ጀመረው። ወርዶ ወርዶ። ልመርቅ አፌን ስከፍት ምርቃቱ ሁሉ ጠፋኝ። ፈንታ ክንዴን ያዘ። ዜማው አለቀ ስል ተነሳ፤ ቃሉም ያን ጊዜ መጣልኝ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አሜን ሲሉ ሰማሁ። ትርንጎ ቀና ብላ "ይኸ የእማማ አይደለም?" አለችኝ። ነው አልኳት።

ከሰዓት የሆቴሉ ልጆችም ማንም ሳይጠራቸው ኪቦርዳቸውን ይዘው ገቡ። አንዱ ሲተው ሌላው ይቀበላል፤ ማን ከየት እንደመጣ ጠፋ። እየለየሁ ልፈርድ አስቤ ነበር። ተውኩት።

ሰኞ፣ ጥር 18

ዳሱን እያፈረሱ ነው። ቤቱ ጭር ብሏል። ዛሬ ተቀምጬ ዋልኩ፤ መነሳትም አልችል።

ሰው ሁሉ "የቱ በለጠ? የሞጣ ወይስ የቢቸና?" ይለኛል። አፍጥጬ አያለሁ።

ዜማውን ልሞክር አልኩ። እስከ ታች ድረስ ደህና ወረድኩ። የሚነሳበት ላይ ጠፋኝ። የሺ ከማን እንደለመደችው አንድ ቀን ጠይቄያት አላውቅም። አሁን የሚያውቅ የለም። እሷም እንደነዚያ ልጆች መጨረሻውን ሳታውቀው ጀምራው ይሆን? እኔ ደጅ ስውል፣ ቤቱ ጭር ሲልባት?

ትርንጎ ደወለች። ደህና ገብተዋል። እግርዎ እንዴት ነው አለችኝ። "ወጌሻ ይፈልጋል። መንገዱ ካልተዘጋ ሳምንት ሞጣ እመጣለሁ።"

"ወጌሻ ቢቸናም አለ እኮ አባባ።"

"የሞጣው ይሻላል አሉ።"

 ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። ለፈንታ እንዳትነግሪው አልኳት። "ምኑን?" አለች። ስልኩን ዘጋሁት።

ወጌሻውን ነው ያልኩት።