አባባ አለቱ ላይ

ማክሰኞ፣ የካቲት 4

የድንጋይ ካባው ሰዎች ዛሬ ከምንጫችን በላይ ያለውን አለት በድማሚት ሊያፈርሱ መጡ። ከጋፋት መንደር ወዲህ ያለውን አለት ሲያፈነዱ የጎረቤቶቻችን ምንጭ ነጥፎ ቀርቷል። የባሌ አባት ማንንም ሳያማክሩ ወጥተው አለቱ ላይ ተቀመጡ። ሮጬ ደረስኩ።

"አባባ፣ ይነሡ፤ ይገድሉዎታል" አልኳቸው።

"ከብቱም እናንተም የምትጠጡት ከዚሁ ነው። ወዴት ልነሣ?" አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሠራተኞቹ አለቃ "ነገ ከፖሊስ ጋር እንመጣለን፤ ያኔ ልመና የለም" ብሎ ሄደ።

አሁን አባባ ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ጋደም ብለዋል። ጎህ ሲቀድ ወደ አለቱ ሊመለሱ ነው። በሩን ቆልፌ ቁልፉን ጉያዬ ከትቻለሁ። ውሃው እንዳይነጥፍ እፈራለሁ፤ እሳቸው እንዳይሞቱብኝ ደግሞ ይብሳል። "ክፈቺልኝ" ሲሉኝ ምን እንደምላቸው አላውቅም።