አጃቢ አልማዞች

የሆዴ ፍሬ፣ ጤናሽ ይብዛልኝ፤ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ። እኛ ደህና ነን። ወጥ ቤት ሲያፈስ የከረመው ቧንቧ ተሠራ። ቧንቧ ሠሪው ለፍቶ፣ አባትሽ «እኔ ነኝ ያቃናሁት» እያለ ለጎረቤት ያወራል።

የቀለበትሽን ፎቶ አየሁት። የመሃሉ አልማዝ ትልቅ እንዲመስል እጮኛሽ ግራና ቀኙን ትንንሽ አልማዝ ሊያስጨምርበት ነው አልሽኝ፤ «ክቡ ይሻላል ወይስ ሞላላው?» ብለሽም ጠየቅሽኝ። አባትሽ መነጽሩን አድርጎ ቢያይ ቢያይ፣ «ዋናው የቱ ነው?» አለኝ።

ወይ ይኼ እጮኛሽ፣ አመሉ አይለቀውም! ከእኛ ጋር ሊተዋወቅ የመጣ ዕለትስ ሁለት ጓደኞቹን ግራና ቀኝ አስቀምጦ አልነበር? «ከልጄ ምኗን ወደድክ?» ብዬ ብጠይቀው የግራው መለሰልኝ። «ሥራህስ እንዴት ነው?» ስለው የቀኙ ተንትኖ አስረዳኝ። እሱ ምላሱን ለሰው አውሶ፣ መሃል ላይ ተጎልቶ ሶፋዬን ሲያሞቅ አመሸ። አንቺ ደግሞ «ጨዋ ስለሆነ ነው» ትይኛለሽ። ጨዋስ በሬም ነው፤ እሱም አይናገርም።

እኔ ክብም ሞላላም አልመርጥልሽም። ፈጣሪ ዓይንሽን ይግለጥልሽ፣ በሰላም አምጥቶ ያገናኘን። አንድ ነገር ብቻ ለእናትሽ ብለሽ አድርጊልኝ፤ ለእረፍት ስትመጪ ሰውዬውን ብቻውን አምጪው። ያለ አጃቢ ምን እንደሚያክል አንድ ቀን ልየው።

እናትሽ