የአልጋችን ተራ

ይድረስ ለእናቴ፣ ለቤታችን ምሰሶ። እንዴት ከርመሻል እማዬ? ወገብሽ ተሻለሽ? ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣቱን ቻለው? አባባ የሌሊት ጥበቃውን ከተወ ወዲህ እንቅልፍ ለመደ ወይስ ዛሬም እየተነሳ በር ይፈትሻል? እታለምስ ከነልጆቿ እንዴት ናት? እኔ ናፍቆታችሁ ካልሆነ በቀር ምንም አልጎደለብኝም።

ይህን የሚያነብልሽ ትንሹ ወንድሜ ድንቡሼ መሆኑን አውቃለሁ። አንተ ድንቡሼ! አንዲት መስመር ብትዘል ውርድ ከራሴ፤ እታለም ደግማ እንድታነበው ነግሬያታለሁ።

እማዬ፣ እልል በይ! በኮምፒውተር ማሰልጠኛው ቋሚ አስተማሪ ሆንኩ። እንዴት እንደሆነ ግን ስሚ፤ ያላንቺ አይሳካልኝም ነበር።

ማክሰኞ የሙከራ ጊዜዬ የመጨረሻ ትምህርት ነበር። ኃላፊዬ ከኋላ ወንበር እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ካልጣምኳት መሰናበቴ ነው። ትምህርቱ ሌባ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚገባ የሚያሳይ ነው። ፕሮግራሙ ስምሽን ይጠይቅሻል፤ ለስሙ የተሰጠ ጠባብ ቦታ አለው። ከጎኑ ደግሞ ይግባ ወይም አይግባ የሚል ምልክት የሚቀመጥበት ሌላ ቦታ አለ። ሌባው ከቦታው የሚበልጥ ረጅም ስም ሲጽፍ ትርፉ ፈስሶ ጎረቤቱን ያበላሽና፣ አይግባ የነበረው ይግባ ይሆንና በሩ ይከፈትለታል። እቤት ባለችው አሮጌ ኮምፒውተሬ ደጋግሜ ሞክሬው እንደ ውኃ ጠጥቼዋለሁ።

ክፍል ውስጥ ግን ጉድ ፈላ! ረጅም ስም ጻፍኩ፤ በሩ ወይ ፍንክች። እልህ ይዞኝ ስሙን ይበልጥ ባስረዝመው ፕሮግራሙ ጭራሽ ጥፋት ተገኝቷል ብሎ ቀጥ አለ። ከፊት የሚቀመጠው ቀልደኛ ተማሪዬ፣ ሌባዋ ራሷ ተያዘች እኮ ሲል ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔን ላብ አጠመቀኝ። ኃላፊዬ አልሳቀችም፤ የባሰው እሱ ነው።

ኮምፒውተሩ ተበላሽቶ ነው ብዬ ልቀጥፍ ዳዳኝ። ግን ያንቺ ልጅ ነኝና፣ ምክንያቱን አላውቀውም፣ አብረን እንፈልገው አልኳቸው። እያንዳንዱ ነገር የት እንደተቀመጠ ቁጥሩን እንዲያወጣልን ኮምፒውተሩን አዘዝኩት። ቦታ የሚያከፋፍለው ኮምፓይለር የሚባለው፣ እኛ የጻፍነውን ወደ ማሽኑ ቋንቋ የሚመልሰው ፕሮግራም ነው። የኔ አሮጌው ሁሉንም እንደመጣለት ይደረድራል። የማሰልጠኛው አዲሱ ግን ሊፈስ የሚችለውን የስሙን ቦታ ለይቶ ወደ ጠርዝ ያወጣዋል፤ ምልክቱን ደግሞ ፈሳሹ በማይደርስበት በወዲያኛው ጎን ያስተኛዋል።

ያኔ እማዬ፣ የኛ አልጋ ፊቴ ላይ ድቅን አለ! አባባ ጥበቃ ሲያድር ካንቺ ጋር አንድ አልጋ ላይ ነበርን። እታለም ከግድግዳው፣ እኔ ቀጥዬ፣ ሽንቱን የሚለቀው ድንቡሼ ወደ ጠርዝ። አንተ ድንቡሼ፣ አይዞህ አታስል፣ ማንበብህን ቀጥል! ይህንኑ ለተማሪዎቼ ነገርኳቸው። አክስቴን ልትጠይቂ የሄድሽ ለት እታለም እሱን መሀል አስተኝታው ሦስታችንም በስብሰን እንደተነሳን ጭምር። ከዚያ ስሙንና ምልክቱን አንድ ላይ አስሬ ጻፍኳቸው፤ እንዲህ የታሰሩትን ነገሮች ተራ መለወጥ ለኮምፓይለሩ አይፈቀድለትም። ረጅሙን ስም ስጽፍ በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ! ክፍሉ አጨበጨበ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

ኃላፊዬ ግን እጇን አወጣች። ታዲያ ቅድም ፕሮግራሙ ለምን ቀጥ አለ አለችኝ። ከሚፈሰው ቀጥሎ ኮምፓይለሩ አንድ ጠባቂ ቁጥር ያስቀምጣል አልኳት። ፈሳሹ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፤ እሱ ከተነካ ሌላው ሳይበላሽ ሁሉም ይቆማል። ይህን እያልኩ ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ። ከድንቡሼ ቀጥሎ፣ ከአልጋው ጫፍ፣ የምትተኚው አንቺ ነበርሽ። እሱ ሲለቅ ቀድመሽ የምትረጥቢው፣ ብድግ ብለሽ የምታነሺው አንቺ። እኛ ደርቀን ስንነሳ ያንቺን ቀሚስ አንድ ቀን ልብ ብለን አላየንም። እናቴን አስታውሼ ነው አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም፤ ትናንት ውሉን ፈረምኩ።

አሁን የማን ልጅ እንደሆንኩ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምሄደው።

አባባን በሩን እኔ ዘግቼዋለሁ ብላሃለች በይልኝ። እታለምን አገላብጠሽ ሳሚልኝ፤ ልጆቿንም አንድ በአንድ። ድንቡሼ፣ አንተ አንብበህ ስትጨርስ ጉልበቷን ሳምልኝ፤ በኔም ባንተም ስም። አንቺ ግን እማዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ አልጋው መሀል ተኚ።

ልጅሽ፣ መሀል የተኛችው

ከማሰልጠኛው ጀርባ ካለው ክፍሌ፣ ቅዳሜ ኅዳር 12 ቀን